ካሸነፋችሁ ውሰዱት

ከዋንጫዎቹ ሁሉ የምወደው ቀዩን ነበር።

ሌሎቹ ወርቅማና ብርማ ነበሩ፤ ጆሯቸው የተጠማዘዘ፣ ሆዳቸው ላይ ጽሑፍ የተቀረጸባቸው። ቀዩ ጆሮ አልነበረውም። መያዣ ያለው ሣጥን ነበር፤ ማዕዘኖቹ የተድቦለቦሉ፣ ፊቱ ላይ ነጭ ልብ የተሳለበት፣ በልቡ መሐል ለመሐል መብረቅ የወረደበት። የስፖርት አዳራሹ መግቢያ ላይ በቆመው የመስታወት ቁም ሣጥን ውስጥ፣ መካከለኛው መደርደሪያ ላይ፣ ሰማያዊ ከፋይ ተነጥፎለት ይቀመጣል። ለሌሎቹ ከፋይ አልተነጠፈላቸውም። ስለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው እሱ መሆኑን ማንም እንዲነግረኝ አላስፈለገኝም። አፍንጫዬን መስታወቱ ላይ ለጥፌ አየዋለሁ፤ ትንፋሼ ሲጋርደኝ በእጅጌዬ እጠርገዋለሁ።

የቁም ሣጥኑ ቁልፍ የሚኖረው የአዳራሹ ኃላፊ አንገት ላይ ነበር። ከሌሎች ቁልፎች ጋር በጥቁር ገመድ ታስሮ ከክራባቱ ሥር ይንጠለጠላል፤ ሲራመድ ይንሿሿል። ድምፁን ስንሰማ መሮጥ አቁመን ቀጥ ብለን እንቆም ነበር። በልጅነቴ «አንቱ» ነበር የምለው። ዛሬ እንደዚያ ልጽፈው ስል እጄ እምቢ አለኝ።

እህቴ መረብ ኳስ ትጫወታለች። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ እኔ ገና ፊደል እየለየሁ ነበር። ጓደኞቿ «መሰላል» ይሏታል። እቤት አምፖል ሲቃጠል ወንበር ሳትፈልግ የምትቀይረው እሷ ናት። አባቴ የአውቶቡስ ሹፌር ነበር። በሩ ላይ ጎንበስ ብላ ስትገባ ባያት ቁጥር «ይቺን ልጅ ዝናብ ከሁላችንም ቀድሞ ነው የሚያገኛት» ይላል። እሱም ቀልዱ አይሰለቸውም፣ እሷም መሳቁ አይሰለቻትም። እኔን «ሚጢጢ» ትለኛለች።

እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። የቡድኑን ማሊያዎች የሰፋችው እሷ ነበረች፤ ቢጫ፣ እጅ ሲነሳ እንዳይጎትት ብብታቸው ሥር ተጨማሪ ቁራጭ የገባባቸው። የእህቴን ደግሞ ቁመቷን አስባ ከታች ጨምራበታለች። የስፌት መኪናው ካለበት ክፍል እኔ የማውቀው አንድ ሕግ ብቻ ነበር፤ መቀስ የሚነካው ጨርቅን ነው። ልብስ ከሆነ በኋላ ቢበላሽ እንኳ ክሩ ቀስ ተብሎ ይፈታል እንጂ ልብሱ አይቆረጥም። በተሰፋ ልብስ ላይ መቀስ ያነሳ ሰው ስታይ እናቴ ፊቷ እንዴት እንደሚለወጥ አውቃለሁ።

ከዚያ የጨዋታ ቀን ቀደም ብሎ እህቴ አንድ ጊዜ ከልምምድ ስትመለስ ወድቃ ነበር። ደረጃውን እየሮጠች ወጥታ በራችን ጋ ስትደርስ ጉልበቷ ከዳት። ወዲያው ተነሳች፤ ልብሷን እያራገፈች ሳቀች። እናቴ ስኳር በውኃ በጥብጣ አጠጣቻት። ቁርስ ስለማትበላ ነው ተባለ፤ በአንዴ ስለተመዘዘች ነው ተባለ፤ ጎረቤታችን ደግሞ በዚህ ዕድሜ ያለ ነው አለች። ሐኪም የሚል ቃል ከማንም አፍ አልወጣም። እየሮጠ ሳለ ራሱን ስቶ የወደቀ ልጅ ልቡ መመርመር እንዳለበት አሁን አውቃለሁ። ያኔ የማውቀው ከስኳሩ ውኃ የተረፈው ለእኔ መድረሱን ነበር።

ጨዋታው ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። እናቴ የምታደርሰው ሥራ ስለነበራት ቀረች፤ እኔ ከአባቴ ጋር ሄድኩ። አዳራሹ የላስቲክ ጫማና የተወለወለ እንጨት ይሸታል። የክብር እንግዳ ይመጣል ተብሎ በሩ ላይ ምንጣፍ ተነጥፏል፤ ኃላፊው አዲስ ሙሉ ልብስ ለብሷል።

እንደ ልማዴ ወደ ቁም ሣጥኑ ስሄድ አንዲት ሴት ቀድማኝ ቆማለች። የሌላኛው ቡድን አሰልጣኝ ናት፤ አጭር፣ ደልደል ያለች፣ ድምፅዋ ከአዳራሹ ጫፍ እስከ ጫፍ የሚሰማ። የእኛዎቹ ልጆች «ፊሽካ» ይሏታል፤ ሌላ ፊሽካ አያስፈልጋትም ለማለት ነው። ቀዩን እያየችው ነበር። አተያይዋ ግን እንደ እኔ አልነበረም፤ እናቴ የሌላ ሰው ስፌት ስታይ የምታየውን ዓይነት ነበር። ከዚያ ኃላፊውን ጠራችው።

«ይሄ በምንድን ነው የሚከፈተው?»

«በቁልፍ ነዋ።»

«ቁልፉስ?»

ክራባቱን መታ መታ አደረገ። ቁልፎቹ ተንሿሹ።

«ጨዋታው እስኪያልቅ ክፍት ይሁንልን» አለች።

«የኔ እህት፣ ክፍት ከሆነማ ነገ ባዶውን ነው የምናገኘው። ልጆች ናቸው፤ ይነካኩታል።»

«እንዲነካ አይደል እንዴ የተሰጣችሁ?»

ሰው ዙሪያቸውን መሰብሰብ ጀምሮ ነበር። ኃላፊው ወደ ሰዉ ዞረ፤ ሊቀልድ ሲል ሁልጊዜ ወደ ሰው ይዞራል።

«እንዲህ ከወደድሽውማ፣ ካሸነፋችሁ ውሰዱት።»

ሁሉም ሳቀ። አባቴም ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፤ ኃላፊውን ትክ ብላ አየችውና ወደ ልጆቿ ሄደች።

እኔ ግን ቀልድ መሆኑን በምን ልወቅ? ኃላፊው የተናገረው ነገር ሁሉ ይፈጸማል። በሩን ዝጉ ሲል ይዘጋል፤ መብራቱን አጥፉ ሲል ይጠፋል። ስለዚህ ቀዩ የዛሬው ጨዋታ ሽልማት ነበር፤ ከተሸነፍን ያቺ ሴት ይዛው ትሄዳለች። እየሮጥኩ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ገባሁ። እህቴ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ታስራለች።

«ቀዩን ሊወስዱት ነው» አልኳት።

«የቱን ቀይ?»

«ትልቁን ዋንጫ። ካሸነፉ ይወስዱታል።»

ያልኩት እንዳልገባት አሁን ይገባኛል። ግን ትልልቅ ሰዎች እንደሚያደርጉት «ሂጂ ወዲያ» አላለችኝም። ጫማዋን አጥብቃ አሰረችና ጉንጬን በሁለት ጣቷ ያዘችኝ።

«አይወስዱትም። እኔ አመጣልሻለሁ።»

ጨዋታውን እየመራን ነበር። ይህን ደጋግሜ የምናገረው ያኔ በጭንቅላቴ ውስጥ የነበረው ነገር ሁሉ የተሰፋው በዚህ ክር ስለሆነ ነው። እየመራን ነበር፤ ቀዩ የእኛ ነበር።

እህቴ ዘለለች። አባቴ «አሁን እዩልኝ» አለ። ኳሱን ስትመታው የተሰማው ድምፅ በር ሲወረወር እንደሚሰማው ነበር፤ ኳሱ ከመረቡ ማዶ መስመሩ ጥግ ወደቀ። እሷም ወረደች፤ ወደ ቦታዋ ለመመለስ ዞራ ጥቂት ተራመደች። ከዚያ ወደቀች። ሰው ሲወድቅ እጁን ይዘረጋል። እሷ አልዘረጋችም።

መጀመሪያ ላይ ከወዲያ በኩል የሳቀ ሰው ነበር። ጫማዋ አዳልጧት ነው አለ አንዱ። ዳኛው ኳሱ ወጣ ወይስ ገባ እያለ ከመስመር ዳኛው ጋር ይነጋገር ነበር። ልጆቹ ከበቧት። አንዷ ውኃ ረጨችባት። እንደሚያንኮራፋ ሰው ትንፋሿን አልፎ አልፎ ስትስብ ይሰማ ነበር፤ «ትተነፍሳለች፣ ትተነፍሳለች፣ አየር ስጧት» አሉ። ያ ትንፋሽ እንዳልነበረ፣ ልብ ከቆመ በኋላ ሰውነት በከንቱ የሚያወጣው ድምፅ እንደነበረ፣ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች የምታውቀው፤ እሷም በማዶ በኩል ነበረች።

ፊሽካ በመረቡ ሥር ሾልካ መጣች። ልጆቹን ገፍታ ተንበረከከች፤ እጇን የእህቴ አንገት ላይ አደረገች፤ ቀና ብላ ጮኸች፣ «ቀዩን ሣጥን አምጡ!» ከዚያ ሁለት እጆቿን ደራርባ የእህቴን ደረት በሙሉ ክብደቷ መጫን ጀመረች። እኔ ከላይ ከተመልካች መቀመጫ ነበር የማየው። መጫን አይደለም ያየሁት። የወደቀ ሰው ላይ ተቀምጣ ስትደበድብ ነው ያየሁት።

አረንጓዴ የለበሱት ልጆቿ ወደ ቁም ሣጥኑ ሮጡ። ሳያሸንፉ! ዘበኛው እጁን ዘርግቶ መስታወቱ ፊት ቆመ፤ ጎሽ አልኩ በሆዴ። መስታወቱ ቢሰበር ከሥራ እንደሚባረር ተነግሮት ነበር፤ ይህንንም የሰማሁት ካደግኩ በኋላ ነው።

አባቴ ደረጃውን እንዴት እንደወረደ አላየሁም። ሳየው ፊሽካን በሁለት ክንዶቿ ይዞ ከእህቴ ላይ አንስቷታል፤ እግሯ መሬት አይነካም። አባቴን ሰው ሲነካ አይቼው አላውቅም ነበር። ልጄን ለምን ትመቻታለሽ እያለ ይጮኻል፤ ድምፁ የሱ አይመስልም። እሷ አልታገለችውም። ፊቷን ፊቱ ላይ አድርጋ ተናገረች። አዳራሹ ጸጥ ብሎ ስለነበር ሰማሁት።

«ወንድሜ፣ ልቧ ቆሟል። ከያዝከኝ ትሞትብሃለች።»

ለቀቃት። እሷም እጁን ጎትታ አንበረከከችው፤ መዳፉን የእህቴ ደረት ላይ አስቀምጣ፣ ሌላውን ደረበችበት። እንዲህ፣ ጠንክረህ፣ እንዳታቆም አለችው። አባቴ መጫን ጀመረ። እሷ ተነስታ ወደ ቁም ሣጥኑ ሮጠች፤ የዳኞችን ወንበር አነሳች። ዘበኛው ወንበሩን ያዘባት። ወንበር ሲጓተቱ፣ የሚያለቅሱ ልጆች ከበዋቸው ሲጮኹ፣ አባቴ መሬት ላይ ሲጫን፣ ይህ ሁሉ እስኪሆን ቁልፉ ውጪ ነበር። ኃላፊው ዋናው በር ላይ ምንጣፉ ዳር ቆሞ የክብር እንግዳውን መኪና ይጠብቅ ነበር። ሰው ሮጦ ጠርቶታል። እንግዳው እስኪወርድ አንድ ደቂቃ ብሏል።

ከዚያ መጣ። ሁሉም ሲሮጥ እሱ ብቻ ይራመዳል። ያኔ እንዴት ደስ እንዳለኝ! ትልቅ ሰው ማለት ይህ ነው፤ በተረበሸ ቤት ውስጥ የማይሮጥ። ፊሽካን «አንቺ ሴትዮ፣ ይሄ የሕዝብ ንብረት ነው» አላት። ወንበሩን እንድታስቀምጥ በእጁ ምልክት ሰጣት። ገመዱን ከአንገቱ አወጣ። ቁልፎቹ ይመሳሰላሉ፤ አንዱን ሞከረ፣ አልሆነም፤ ሌላውን ሞከረ። እሷ ቁልፎቹን ልትነጥቀው ስትል ክንዱን አሸሸ።

«ቀስ በይ፤ መስታወቱ ይሰበራል።»

ይህን ዓረፍተ ነገር ጽፌ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። የምጨምርበት የለኝም።

ተከፈተ። ቀዩን ራሱ አወጣው፤ ለማንም አልሰጠም። በሁለት እጁ ደረቱ ፊት ይዞ፣ ዋንጫ እንደሚያዘው ይዞ፣ ወደ ሜዳው መጣ። ሰዉ መንገድ ለቀቀለት። ወደ እህቴ ነበር የሚሄደው። አረንጓዴዎቹን አልፎ፣ ፊሽካን አልፎ፣ ወደ እህቴ። ለካስ አሸንፈናል። እህቴ ተኝታም ቢሆን ሊሸልሟት ነው፤ አመጣልሻለሁ ብላኝ አልነበር?

አጨበጨብኩ። በዚያ ሁሉ ሰው መሐል ብቻዬን።

ቀጥሎ የሆነው ግን ሽልማት አይመስልም ነበር። ፊሽካ ሣጥኑን ከእጁ መንጭቃ ከፈተችው። ውስጡ ዋንጫ አልነበረም፤ ሽቦ ነበር፣ መቀስም ነበር። በመቀሱ የእህቴን ማሊያ፣ እናቴ የሰፋችውን ማሊያ፣ ከአንገቱ እስከ ታች በአንድ ጊዜ ቆረጠችው። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። ደረቷ ላይ ሁለት ነጫጭ ነገሮች ለጠፈች። ከሣጥኑ ውስጥ በማላውቀው ቋንቋ የአንዲት ሴት ድምፅ ተናገረ። ፊሽካ አባቴን ገፍታ ሁሉንም አራቀች። የእህቴ ሰውነት አንድ ጊዜ ዘለለ፤ ትከሻዋ ወለሉን መታ።

ገደለቻት ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስከፍተው እህቴ ታቃስታለች፤ አባቴ ወለሉ ላይ ተቀምጦ መዳፎቹን ያያል። ሰዉ ማጨብጨብ ጀመረ። ሁሉም ፊቱን ወደ ኃላፊው አዙሮ ነበር።

አምቡላንስ ወሰዳት። እግሯ ከቃሬዛው ተርፎ ወጥቶ ነበር።

ማታ እናቴ የተቆረጠውን ማሊያ ከፌስታል ውስጥ አወጣች። ጫፍና ጫፉን ገጥማ ያዘችው። ማነው እንዲህ ያደረገው ስትል ፊሽካ ናት አልኳት፤ ደግሞም ደበደበቻት፤ ደግሞም ልትሰርቅ ነበር። እናቴ ያላየችውን ሁሉ በእኔ ዓይን አየች። አባቴ እዚያው ተቀምጦ ነበር። አንድም ቃል አላረመኝም።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ሰው በዛበት። እኔ ከስፌት መኪናው ጠረጴዛ ሥር ሆኜ እሰማለሁ። ዘገየ ይላሉ። አንጎሏን አየር አጥሮት ነው ይላሉ። እኔ ዘገየ የሚሉት እህቴን መስሎኝ፣ ቶሎ ትምጣ ብዬ አለቅስ ነበር። ኃላፊው ሊጠይቀን መጣ፤ እናቴ እጁን ይዛ አልለቅም አለች። ጋዜጣ ላይ ከቀዩ ሣጥን ጋር ፎቶው ወጣ፤ የልጅ ሕይወት ያተረፈ ተባለ። ፊሽካን ደግሞ ጨዋታ በመበጥበጥና ንብረት ለማውደም በመሞከር ከአሰልጣኝነት አገዷት። ዜናው ሲሰማ ቤታችን ውስጥ «የእጇን አገኘች» ተብሏል።

እህቴ ብዙ ቆይታ ተመለሰች። ከትከሻዋ ዝቅ ብሎ ከቆዳዋ ሥር ትንሽ ማሽን ገብቶላት ነበር፤ ልቧን የሚጠብቅ። ቁመቷ ያው ነው፤ ሳቋም ያው ነው። ቃላት ግን ዘግይተው ይመጡላታል፣ የጠዋቱን ከሰዓት በኋላ አታስታውሰውም። ዛሬም ከእናቴ አጠገብ ተቀምጣ ክር ትፈታለች፤ የተበላሸ ስፌት እንደ እሷ በትዕግሥት የሚፈታ የለም። ከሥራዋ ቀና ትልና ትጠይቃለች፤ «ኳሱ ወጣ ወይስ ገባ?» ገባ እንላታለን። ደስ ይላታል። ነገም ትጠይቃለች።

እኔ እውነቱን ያወቅኩት በምሠራበት ማተሚያ ቤት ነው። አንድ ቀን የመጀመሪያ ዕርዳታ ሥልጠና ተባለና ሰበሰቡን። አንድ ወጣት ነርስ መጣ፤ ቦርሳውን ከፍቶ ቀይ ሣጥን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ነጭ ልብ፣ በመሐሉ መብረቅ። ጎኔ ለነበረችው የሥራ ባልደረባዬ «ዋንጫ» ልላት ነበር፤ አፌ ተከፍቶ ቀረ። ነርሱ የቆመ ልብ በኤሌክትሪክ የሚያስነሳ መሣሪያ ነው ብሎ ከፈተው። ያቺ ድምፅ ተናገረች። ልብሱን አውልቁ፣ ማንም አይንካው ነው የምትለው ብሎ ተረጎመልን። መቀሱንም አሳየን፤ ለልብስ ነው አለ፤ በዚህ ሰዓት ለልብስ አይታዘንም። የቆመ ልብ በየደቂቃው ከእጅ እየራቀ ይሄዳል፤ ጤነኛ የሚመስሉ ወጣት ስፖርተኞችም ሜዳ ላይ እንዲህ ይወድቃሉ፤ ስለዚህ ይሄ ሣጥን በፍጹም አይቆለፍም፣ ማንም አላፊ አግዳሚ ሊያነሳው ይገባል አለ። ሁሉም ማስታወሻ ይይዛል። እኔ ተነስቼ መጸዳጃ ቤት ገባሁና ፎጣ ነክሼ ጮህኩ።

ፊሽካን ፈልጌ አገኘኋት። አርጅታለች፤ ድምፅዋ ግን አላረጀም፤ ከሠፈሯ ልጆች ጋር በረንዳ ላይ ኳስ ትጫወታለች። ማን እንደሆንኩ ስነግራት መጀመሪያ የጠየቀችኝ ትበላለች ወይ፣ ትራመዳለች ወይ፣ ትስቃለች ወይ ብላ ነው። ትስቃለች አልኳት። «እንግዲያው» አለችና ኳሱን ለልጆቹ መለሰችላቸው። ምስጋናዬን አልተቀበለችም፤ አመስጋኝ ፈልጌ አይደለም አለች። የነገረችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ሣጥኑን የሰጡት ሰዎች በሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ እንዲሰቀል ማንጠልጠያ አብረው ሰጥተው ነበር። ማንጠልጠያው ኃላፊው ቢሮ ውስጥ ነበር፤ ኮቱን ይሰቅልበት ነበር።

ያን ቀን እቤት ገብቼ አባቴን ጠየቅኩት። ጡረታ ከወጣ ጀምሮ መስኮቱ ጋ ነው የሚቀመጠው፤ የሚያልፉትን አውቶቡሶች ያያል።

«አባዬ፣ አንተ ታውቅ ነበር። ለምን ዝም አልክ?»

መጋረጃውን በከፊል ሳበው።

«የአሰልጣኟን እጅ የያዝኩት እኔ ነኝ» አለ። «የሱ ነገር ከወጣ የእኔም አብሮ ይወጣል።»

አባቴ ላይ ልናደድ ሞከርኩ። ተናደድኩም፤ ግን አልበረከተልኝም። እሱ ለአፍታ ያዘ፤ ለቀቀ፤ አቁም እስኪባል ድረስ ተጫነ። ያኛው ግን አንገቱ ላይ ያለውን ቁልፍ ይዞ ቀለደ፤ ከዚያም በጭብጨባችን ላይ ቆሞ አረጀ።

ባለፈው ወር ከአዳራሹ ስልክ ተደወለ። ኃላፊው ጡረታ ሊወጣ ነው፤ አዳራሹም በስሙ ሊጠራ ነው። እህቴ ማሊያዋን ለብሳ መድረክ ላይ ስጦታውን እንድትሰጠው ይፈልጋሉ። እናቴ ማሊያውን ከሣጥን አወጣች፤ የተቆረጠበት ላይ ከአንገት እስከ ታች የሰፋችው መስመር ቀጥ ብሎ ይታያል። ተኮሰችው። እውነቱን ለእሷም ነግሬያት ነበር፤ ስነግራት የስፌት መኪናዋን አላቆመችም። ስትተኩስ ግን መስመሩ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። «ሂዱ» አለችኝ ቀና ሳትል፣ «የምታደርጊውን አንቺ ታውቂያለሽ።» አላውቅም ነበር።

ያወቅኩት ከአባቴና ከእህቴ ጋር አዳራሹ መግቢያ ላይ ስደርስ ነው። ቁም ሣጥኑ እዚያው ነው። ቀዩ እዚያው ነው፤ ሰማያዊው ከፋይ ተቀይሯል፤ ከጎኑ የኃላፊው ፎቶ ቆሟል። የቁም ሣጥኑን በር ሳብኩት። ተቆልፏል። ከጀርባዬ የእህቴን ማሊያ የሚመስል ማሊያ የለበሱ ልጆች እየተሳሳቁ ለማሟሟቅ ይሮጣሉ።

ሰው ፊት መናገር አልችልም። ሰው በተሰበሰበበት ስሜን ስጠየቅ እንኳ እርበተበታለሁ። ግን እህቴን ይዤ መድረክ ላይ ስወጣ፣ ለሁለት ቃል ምስጋና ብለው ድምፅ ማጉያውን ሲሰጡኝ፣ ወደ አፌ አስጠጋሁት። ኃላፊው ፈገግ ብሎ ይጠብቃል። ጸጉሩ ነጭ ሆኗል።

«እህቴ የምትሰጥዎ ዋንጫ ሳይሆን ቀዩ ሣጥን እንዲሆን ነው የምለምነው» አልኩ። «ያወጡልናል?»

ሰዉ አጨበጨበ። እሱም ወደ ሰዉ ዞረ፤ እጁን ወደ ክራባቱ ሰደደ፤ ሳቀ። ቁልፉ እሱ ጋ አልነበረም፤ ለተተኪው አስረክቧል። ተተኪው ኪሱን ዳበሰ፣ ሌላውን ኪሱን ዳበሰ፣ ለጸሐፊዋ ምልክት ሰጠ። ጸሐፊዋ ቢሮ ነው ብላ ወጣች። ቢሮው ደግሞ ተቆልፏል፤ የቢሮው ቁልፍ ያለው በሩ ላይ እንግዳ የሚቀበለው ልጅ ጋ ነው። ወደ እሱ ሰው ተላከ።

ድምፅ ማጉያውን አልመለስኩም። መድረክ መሪው ጆሮዬ ጋ መጥቶ ሌላ ዝግጅት እንቀጥል፣ ቁልፉ ሲመጣ እንመለስበታለን አለኝ።

«አይ» አልኩ በማጉያው። «እንጠብቃለን።»

ጠበቅን። መጀመሪያ ሳል ነበር፣ ከዚያ ሹክሹክታ። ከዚያ በግድግዳው ሥር ተደርድረው የቆሙት ተጫዋቾች መሳሳቁን አቆሙ፤ አንዷ ወለሉን አየች፣ ከዚያ እህቴ ማሊያ ላይ ያለውን ረጅም ስፌት አየች። ኃላፊው ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ቀርቷል፤ የሚያነሳው ሰው እንደጠፋ ዕቃ። ፊት ለፊት፣ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ፣ አባቴ ሁለት መዳፎቹን ደራርቦ ጉልበቱ ላይ ይጫናል። ቀስ እያለ፣ ሳያቆም ይጫናል።

እህቴ ወደ እኔ ጎንበስ አለች። ሹክ ማለት አትችልም፤ ድምፅዋ በማጉያው ገብቶ አዳራሹን ሞላው።

«ሚጢጢ፣ ምንድን ነው የምንጠብቀው?»

«ቁልፍ» አልኳት።

ከመግቢያው በኩል የቁልፍ መንሿሿትና ኮቴ ተሰማ። የሚመጣው ሰው አይሮጥም ነበር።